መጋዝና ትሉ

ዛሬ በየጫካው የሚጮኸው የሰንሰለት መጋዝ መጀመሪያ የተወለደው ከሐኪሞች እጅ ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ጆን ኤይትከንና ጄምስ ጄፍሬይ የተባሉ የስኮትላንድ ሐኪሞች አጥንት የሚቆርጥ፣ በእጅ የሚሳብ ባለ ጥርስ ሰንሰለት ሠሩ። ጀርመናዊው አንድሬያስ ሽቲል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1926 የኤሌክትሪክ፣ በ1929 የቤንዚን መጋዝ አወጣ።

ጉልበቱ ተገኘ፤ ጥርሱ ግን ቶሎ ይዶለዱም ነበር። በ1946 በአሜሪካ ኦሪገን እንጨት ቆራጩ ጆሴፍ ኮክስ፣ የጥንዚዛ ዕጭ ጉቶውን በቁመትም በአግድምም እንደ ልቡ ሲሰረስር ተመለከተ። የትሏን መንጋጋ አስመስሎ ግራና ቀኝ የሚቆርጥ ጥርስ ሠራ፤ የዛሬዎቹ ሰንሰለቶች መልክ ከዚያ የመጣ ነው።

ግንድን በቁመቱ ሰንጥቆ ጣውላ ማውጣት ግን ከአግድም ቆረጣ ይልቅ ሞተሩን ያደክመዋል። ስለዚህ ባለሙያው ለአግድም ቆረጣ 30 ዲግሪ ገደማ የሚሞረደውን ጥርስ ወደ 10 ያወርደዋል። በካርቡራተሩም የቤንዚኑን መጠን ጥቂት ከፍ ያደርጋል፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሚገባ፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ዘይትም ያንሰዋል፤ ፒስተኑ ግሎ ይጣበቃል።

ሞተሩ እንዲህ ቢበረታም ሞረድ ከሰንጣቂው ኪስ ያልወጣው ለዚህ ነው።