ዜማው የእነሱ፣ ቀልዱ የእሱ

በጥር 1992 ኒርቫና የተባለው የሮክ ባንድ ኒውዮርክ ውስጥ "ሳተርደይ ናይት ላይቭ" በተሰኘው የቴሌቪዥን ትርዒት ሊጫወት ሲሰናዳ፣ ድምፃዊው ከርት ኮቤን ስልክ ተፈለገ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደዋዩ አሜሪካውያን "ዊርድ አል"፣ ጉደኛው አል፣ የሚሉት አል ያንኮቪክ ነበር። ያገናኘቻቸው የትርዒቱ ተዋናይት ቪክቶሪያ ጃክሰን ስትሆን፣ ከዚያ በፊት "ዩኤችኤፍ" በተባለው የያንኮቪክ ፊልም ላይ ሠርታለች። ያንኮቪክ "ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት" የተሰኘውን ዘፈን ግጥሙን ለውጦ ሊጫወተው እንደሚፈልግ ሲነግረው ኮቤን ስለ ምግብ ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ። የለም፣ አንተ ስትዘፍን ምን እንደምትል ማንም አይሰማውም፣ ዘፈኑ ስለዚያ ነው አለው። ኮቤን ሐሳቡ ጣመው፤ ፈቀደ።

ስለ ምግብ ብሎ መጠየቁ አይገርምም። ያንኮቪክ እስከዚያ ድረስ የማይክል ጃክሰንን "ቢት ኢት" "ኢት ኢት"፣ ማለትም "ብላው"፣ አድርጎታል፤ የዚያኑ ሰው "ባድ" ደግሞ "ፋት"፣ "ወፍራም"፣ ብሎታል። "ላ ባምባ" በእሱ እጅ "ላዛኛ" ሆኗል። የታወቀን ዜማ ይዞ ግጥሙን በቀልድ መተካት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ፓሮዲ የሚሉት ሙያ ነው። በዚህ ሙያ ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ እንደ እሱ ያለ ሌላ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ከውጭ ሲታይ አንድ ተወዳጅ ዘፈን መርጦ መቀለድ ብቻ ይመስላል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ምርጫውን የሚያደርገው ቀልደኛው ብቻ አልነበረም፤ የዜማው ባለቤት፣ አሳታሚው፣ ዳኛው፣ አንዳንዴም የዘፋኙ ሥራ አስኪያጅ አብረውት መርጠዋል።

በ1950ዎቹ ስታን ፍሪበርግ የሚባል ቀልደኛ ነበር። ጃዝ ወዳድ ነበርና አዲስ መጤ የሆነውን ሮክ ኤንድ ሮል አጥብቆ ይንቅ ነበር፤ የሚቀልድባቸውንም ዘፈኖች የመረጠው ስለሚጠላቸው ነው። በ1956 የኤልቪስ ፕሪስሊን "ሃርትብሬክ ሆቴል" መሳቂያ አደረገው። "ዘ ግሬት ፕሪቴንደር" ላይ ደግሞ ያንኑ ድምፅ እየደጋገመ መምታት ያንገፈገፈው የጃዝ ፒያኒስት ከዘፋኙ ጋር ሲጣላ ይሰማል። ሥራው ዛሬም ያስቃል፤ ንቀቱ ግን ጎልቶ ይሰማል።

ከእሱ በኋላ የመጣው አለን ሸርማን ሌላ ፈተና ገጠመው። ሸርማን በመጀመሪያ የሚቀልደው ለወዳጆቹ ግብዣ ነበር፤ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቲያትሮችን ዘፈኖች እየወሰደ የአይሁድ ቤተሰብ ወግ ያለብሳቸዋል። ወደ ሸክላ ሲመጣ የዘፈኖቹ ባለመብቶች እምቢ አሉ። ስለዚህ ባለቤት ወደሌላቸው የጥንት የሕዝብ ዘፈኖች ዞረ። በ1962 የወጣው "ማይ ሰን፣ ዘ ፎክ ሲንገር" የተሰኘው አልበሙ የተሠራው በዚህ መንገድ ሲሆን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በቀጣዩ ዓመት ልጁ ከክረምት ካምፕ በላከው እሮሮ ተነሥቶ፣ የጣሊያናዊው ፖንኪኤሊ የባሌት ሙዚቃ ላይ የደብዳቤ ዘፈን ሠራ፤ ዘፈኑም በአሜሪካ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። ሸርማንን ስመ ጥር ያደረገው አልበም ከእምቢታ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ዘመን "ማድ" የተባለው የቀልድ መጽሔት ፈቃድ መጠየቁን ትቶ ፍርድ ቤት መቆምን መረጠ። በ1961 ባወጣው ልዩ እትም ላይ ዜማውን ሳያትም፣ "በእገሌ ዘፈን ዜማ ይዘፈን" እያለ የፌዝ ግጥሞችን ብቻ አተመ። የኧርቪንግ በርሊንን ጨምሮ የታላላቅ ዜማ ደራሲዎች አሳታሚዎች ስለ 25 ዘፈኖች ከሰሱት። በ1964 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለመጽሔቱ ፈረደ።

ከዚያ በኋላ የተሰጠው ትልቁ ፍርድ የ1994ቱ ነው። ቱ ላይቭ ክሩ የተባለው የራፕ ቡድን የሮይ ኦርቢሰንን "ኦ፣ ፕሪቲ ዉማን" አሳታሚው ከልክሎት ሳለ በፌዝ ግጥም አውጥቶት ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አንድም ዳኛ ሳይለይ፣ ሥራው ለገበያ መዋሉ ብቻውን ሕገወጥ አያደርገውም አለ። ዳኞቹ አንድ ልዩነት ግን አስምረዋል፦ በዘፈኑ በራሱ ላይ የሚቀልድ ሰውና ዘፈኑን ተውሶ ስለ ሌላ ነገር የሚቀልድ ሰው እኩል ጥበቃ የላቸውም። በዚህ መስፈሪያ የኒርቫናው ቀልድ ጠንካራ መሠረት አለው፤ በኒርቫና አዘፋፈን ላይ ነው የሚያሾፈው። "ብላው" ግን ስለ ምግብ እንጂ ስለ ማይክል ጃክሰን ብዙ አይናገርም።

ያንኮቪክ እዚህ ክርክር ውስጥ መግባት አልፈለገም። ሕግ ፈቀደም አልፈቀደ ባለቤቱን ይጠይቃል፤ ለዜማው ደራሲም ድርሻው ይከፈለዋል። ይህ ልማዱ ጨዋነት ብቻ ተደርጎ ይነገራል። ብልኅነትም አለበት፤ ባለቤቱ የፈቀደውን ዘፈን ማንም ፍርድ ቤት አያስጎትትም።

አጀማመሩ ግን እንዲህ የተደላደለ አልነበረም። በ1959 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተወልዶ በሊንዉድ ከተማ አደገ። አኮርዲዮን መማር የጀመረው በ7ኛ ዓመት ልደቱ ዋዜማ ነው፤ ቤት ለቤት የሚዞር የሙዚቃ ትምህርት ሻጭ ጊታርና አኮርዲዮን ሲያቀርብ ወላጆቹ አኮርዲዮኑን መረጡለት። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሳለ፣ በ1979፣ የናክ ባንድን "ማይ ሻሮና" "ማይ ቦሎኛ" ብሎ ኮሌጁ ሬዲዮ ጣቢያ አጠገብ ባለ መታጠቢያ ክፍል ቀዳው፤ ግድግዳው ድምፁን አስተጋባለት። ዶክተር ዲሜንቶ በሚል ስም የቀልድ ዘፈኖችን በሬዲዮ የሚያሰማው ሰው አጫወተለት። የናክ ድምፃዊም ወደደውና ካፒቶል የሸክላ ኩባንያ እንዲያወጣው ረዳ። በ1980 የኩዊንን "አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት" ስለ ተጨናነቀ አውቶቡስ አድርጎ በዚያው ሬዲዮ በቀጥታ ሲዘፍን፣ ከበሮ በሌለበት አንድ ወጣት የአኮርዲዮኑን ሣጥን እየደበደበ አጀበው። ያ ወጣት ጆን ሽዋርትዝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከበሮ መቺው ሆኖ ቀረ።

የዘፈን አመራረጡ ሥርዓት አለው። በሰንጠረዡ ላይ ያሉትን ዘፈኖች ይዘረዝራል፤ ለእያንዳንዱ ርዕስ ሊገጥሙ የሚችሉ የቀልድ ርዕሶችን ይደረድራል፤ አብዛኞቹን ይጥላል። ዘፈኑ ገና መግቢያው ሲሰማ የሚለይ መሆን አለበት፤ አድማጩ ዋናውን ካላወቀ የሚስቅበት የለም። ሁለተኛው ወንፊት ይብሳል። ርዕሱ ላይ ያስቃል የተባለው ቀልድ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግጥም መሸከም አለበት። ከዚህ ሥርዓት ውጭ ከሰው አፍ የመጣ ሐሳብ ያነሳበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንደኛው የማዶና ነው፦ "ላይክ ኤ ቨርጂን"ን ያንኮቪክ መቼ ይሆን "ላይክ ኤ ሰርጅን" የሚለው ብላ ለወዳጇ ያወራችው ወሬ እሱ ጆሮ ደረሰና በ1985 የቀዶ ሐኪም ዘፈን ሆኖ ወጣ።

ማይክል ጃክሰን ሁለት ጊዜ ፈቅዶለታል፤ እንዲያውም ለ"ፋት" ቪዲዮ የምድር ባቡር ጣቢያ ሆኖ የተሠራ የራሱን የቀረጻ ቦታ ሰጥቶታል። ለሦስተኛው ግን እምቢ አለ። "ብላክ ኦር ዋይት" ስለ ዘር እኩልነት የሚናገር ስለሆነ መልእክቱ ስለ ምግብ ለሚቀልድ ዘፈን እንዲውል አልወደደም። ያንኮቪክ ተቀበለው። ኒርቫና ድንገት የገነነው በዚያው ሰሞን ነው። ጃክሰን ፈቅዶ ቢሆን ኖሮ የ1992ቱ አልበም ፊት የሚቀድመው ዘፈን እንደገና የምግብ ዘፈን ይሆን ነበር፤ የኮቤንም ጥርጣሬ እውነት በሆነ።

ሌሎቹ እምቢታዎች የየሰውየውን ጠባይ ያሳያሉ። ፕሪንስ ሁልጊዜ እምቢ እንዳለ አለፈ። ፖል ማካርትኒ ሥጋ የማይበላ ሰው ነውና "ሊቭ ኤንድ ሌት ዳይ" ስለ ዶሮ እንዲዘፈንበት አልፈቀደም። ኤሚኔም በ2003 ዘፈኑን ፈቅዶ ቪዲዮውን ከለከለ።

ከሁሉ የከፋው የ1996ቱ ነው። የኩሊዮ "ጋንግስታስ ፓራዳይዝ" በ1995 አሜሪካ ውስጥ የዓመቱ ቁጥር አንድ ዘፈን ነበር። ያንኮቪክ ይህን የጎዳና ሕይወት ምሬት ወስዶ የኤሌክትሪክ መብራት የማያበሩ፣ በፈረስ ጋሪ የሚሄዱ የአሚሽ ገበሬዎች መዝሙር አደረገው፤ ከሥራዎቹ ሁሉ የንጽጽሩ ስፋት የሚገርመው ይኸኛው ነው። የያንኮቪክ የሸክላ ኩባንያ ፈቃድ ተገኝቷል ብሎት ነበር። ኩሊዮ ግን እኔ አልፈቀድኩም አለ፣ በአደባባይም ተቆጣ። ያንኮቪክ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈለት። የሚያስገርመው፣ የኩሊዮ ዘፈን ራሱ በስቲቪ ዎንደር የ1976 ዜማ ላይ የተሠራ ነው፤ ዎንደርም የፈቀደው ስድብ እንዳይገባበት ብሎ ነበር። ኩሊዮ ከዓመታት በኋላ መቆጣቱ ስሕተት እንደነበር ተናግሯል፤ ሁለቱም ታርቀዋል። ያንኮቪክ ግን ከዚያ ወዲህ የመካከለኛ ቃል አይበቃውም፤ ከዘፋኙ ከራሱ አፍ ካልሰማ አይጀምርም።

ይህም ቢሆን ጣጣ አያጣውም። በ2006 ጄምስ ብላንት "ዩር ቢዩቲፉል"ን ፈቀደ፤ ኩባንያው አትላንቲክ ከለከለ። ያንኮቪክ ዘፈኑን ከአልበሙ አውጥቶ በኢንተርኔት በነጻ ለቀቀው፤ ቦታውን ለመተካት የሠራው "ዋይት ኤንድ ነርዲ" ደግሞ 9ኛ ደረጃ ገብቶ እስከዚያ ካገኘው ሁሉ በለጠ። የዋናው ዘፈን ባለቤት ራፐሩ ካሚልየነር ተደስቶበታል። በ2011 የሌዲ ጋጋን ዘፈን ሲጠይቅ ሥራ አስኪያጇ ቀልዱ ተቀድቶ ካልሰማን አንወስንም አለ፤ ተቀድቶ ሲቀርብ ከለከለ። ያንኮቪክ በነጻ ሲለቀው ጋጋ ሰምታ ደነገጠች፤ ጥያቄው እሷ ዘንድ አልደረሰም ነበር። ወዲያው ፈቀደች።

በዚህ ጊዜ ነገሩ ተገልብጦ ነበር። ድሮ ዘፋኙ እንዳይቀለድበት ይፈራ የነበረውን ያህል፣ አሁን በያንኮቪክ መመረጥ ዘፈኑ አገር ምድሩን ለማዳረሱ ምስክር ሆኗል። በ2014 ኢጊ አዛሊያ ኮሎራዶ ውስጥ ከመድረክ ስትወርድ ጠብቆ ግጥሙን ሲያሳያት እሺ ለማለት ጊዜ አልወሰደባትም። ያ ዘፈን የገባበት "ማንዳቶሪ ፈን" የተባለው አልበም፣ በስምንት ቀን ስምንት ቪዲዮ ተለቆለት፣ በመጀመሪያው ሳምንት 104,000 ቅጂ ተሸጦ በቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ከእሱ በፊት የቀልድ አልበም እዚያ የደረሰው በ1963 ነበር፤ አልበሙም የአለን ሸርማን ነው።

ድሉ በመጣበት ሰሞን ያንኮቪክ ከእንግዲህ አልበም ላላወጣ እችላለሁ አለ፤ የኩባንያው ውሉም ያን ጊዜ አለቀ። ምክንያቱ የሚገባ ነው። 12 ዘፈን እስኪሞላ ሲጠብቅ የመጀመሪያው ይሻግታል፤ ዛሬ የወጣ ዘፈን ነገ ማለዳ ዩቲዩብ ላይ በአሥር ሰው ተቀልዶበታል። ደግሞም ሁሉም በየስልኩ የየራሱን በሚሰማበት ዘመን አያትም የልጅ ልጅም የሚያውቁትን አንድ ዘፈን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በ2024 "ፖልካማኒያ" ብሎ ሲመለስ መምረጥን ወደ መጠቅለል አዞረው፦ ከአዴል እስከ ቢሊ አይሊሽ ያሉ የአሥር ዓመት ዘፈኖችን፣ ግጥማቸውን ሳይነካ፣ በአኮርዲዮን ፖልካ ምት በአንድ ትንፋሽ አስሮ አወጣቸው።