በወረርሽኝ ጊዜ የሥልጣን ወሰን



ወረርሽኝ በሀገር ላይ በወደቀ ጊዜ መንግሥት ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ፥ ከመንደር ወደ መንደርም እንዳይዘዋወር ማዘዙ ተገቢ መሆኑን አስተዋይ ሰው አይክድም። ሕመምተኛው ከጤነኛው ካልተለየ በሽታው ከቤት ወደ ቤት ይዛመታልና። የሚያከራክረው ነገር ሌላ ነው። ትእዛዙን እንዲያስፈጽም የተላከው ሰው እጁን እስከ ምን ድረስ ሊዘረጋ ይችላል? ከልክ ያለፈ እንደ ሆነስ የተበደለው ሰው አቤቱታውን ለማን ያቀርባል? ይህን ጥያቄ በሚገባ የሚያስረዳልን በሕንድ አገር በፑና ከተማ የተፈጸመው ታሪክ ነው።

የዐድዋ ድል በተገኘበት ዓመት፥ ማለት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም.፥ ቸነፈር ወደ ቦምቤይ ከተማ ገባ። ሕንድን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት በሽታው በወደቡ ከተማ ብቻ ተወስኖ እንደማይቀር በመረዳቱ በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1897 ዓ.ም. የወረርሽኝ በሽታዎች ሕግ የተባለውን አወጣ። ሕጉ አጭር ነበር፤ አንቀጾቹም አራት ብቻ ነበሩ። ባለሥልጣኖች አስፈላጊ መስሎ የታያቸውን ደንብ ሁሉ እንዲያወጡ ይፈቅዳል፤ ትእዛዙን የተላለፈ ሰው እንዲቀጣ ያዝዛል። የመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ በዚህ ሕግ መሠረት በቅን ልቡና አንድ ነገር የሠራ ሰው በፍርድ ቤት እንዳይከሰስ ይከላከላል። አንባቢያን ሆይ፥ ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ ልብ በሉት።

ቸነፈሩ ፑና በደረሰ ጊዜ ዎልተር ቻርልስ ራንድ የሚባል የመንግሥት ሹም የቸነፈር ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆኖ ተሾመ። ለሥራውም በመቶ የሚቈጠሩ ወታደሮች ተሰጡት። ወታደሮቹ በየሰፈሩ እየዞሩ ቤት ይፈትሹ ጀመር። ሴቶች ወደሚኖሩበት የውስጥ ክፍልና ወደ ጸሎት ቤት ሳይቀር ይገቡ ነበር። የታመመውንም የተጠረጠረውንም ወደ ሐኪም ቤትና ወደ ማግለያ ሰፈር ይወስዳሉ፤ ልብስና የቤት ዕቃም አውጥተው ያቃጥላሉ። ባል ጋንጋዳር ቲላክ ኬሳሪ በተባለው ጋዜጣው ይህን አሠራር አጥብቆ ነቀፈ።

ኮሚቴው ግን በዘገባው ላይ የሴቶችን ክብር ሆን ብሎ የነካ መኖሩን የሚያስረዳ፥ የሚታመን አቤቱታ እንዳልቀረበለት በታላቅ ደስታ ገለጠ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ወታደር ቤቷን ሰብሮ የገባባት ሴት ለወታደሩ አለቃ ሄዳ ክብሬ ተነካ ብላ ትናገራለችን? ጎፓል ክሪሽና ጎክሌ የተባለው የታወቀ የሕንድ መሪ በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ሳለ ሴቶች መደፈራቸውን ለጋዜጣ ተናግሮ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን ወሬውን የጻፉለት ሰዎች በይፋ ቀርበው ለመመስከር ስላልደፈሩ፥ ማስረጃ በማጣቱ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ። አቤቱታ አለመቅረቡ በደል አለመኖሩን አያስረዳም፤ አንዳንድ ጊዜ የሚያስረዳው አቤት የሚባልበት ደጅ አለመኖሩን ነው።

ደጅ ያጣው ቍጣ በሌላ መንገድ ወጣ። በጁን 22 ቀን 1897 ዓ.ም.፥ የንግሥት ቪክቶሪያ የ60 ዓመት የዘውድ በዓል በተከበረበት ሌሊት፥ የቻፔካር ወንድማማቾች ራንድ ከግብዣ ሲመለስ አድፍጠው ተኰሱበት። አብሮት የነበረው መኰንን ኤየርስት ወዲያው ሞተ፤ ራንድም ከጥቂት ቀናት በኋላ አረፈ። ገዳዮቹ በስቅላት ተቀጡ። ቲላክም ሕዝብን በመንግሥት ላይ አነሣሥተሃል ተብሎ 18 ወር ተፈረደበት። የሰውን ደም ማፍሰስ ከማንም ወገን ቢሆን የሚመሰገን አይደለም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ደም ፈስሶ ቸነፈሩ አልቆመም።

የማይቆምበትም ምክንያት ነበረው። በ1898 ዓ.ም. ፖል ሉዊ ሲሞን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በካራቺ ባደረገው ምርመራ ቸነፈርን ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሸጋግረው ቍንጫ መሆኑን አስረዳ። በሌላም በኩል ፍተሻውን የፈራው ሕዝብ ሕመምተኛውን ይደብቅ፥ ከከተማም ይሸሽ ስለ ነበር፥ በሽታው ከሐኪሞች ዐይን ተሰወረ። በ1898 ዓ.ም. በቦምቤይ፥ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ በካንፑር ሁከት ከተነሣ በኋላ መንግሥት ኀይሉን እያላላ የሕዝቡን ፈቃድ ወደ መጠየቅ አዘነበለ።

ይህ ያለፈ ዘመን ታሪክ ነው ብሎ መተው አይቻልም። በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ በኬንያ ከማርች 27 ቀን ጀምሮ ሰዓት እላፊ ታወጀ። በመጀመሪያው ቀን በሞምባሳ ከተማ በሊኮኒ መሻገሪያ ወደ ቤታቸው ለመድረስ ተሰልፈው በነበሩ ሰዎች ላይ ፖሊስ አስለቃሽ ጢስ ተኰሰ። ተራርቃችሁ ቁሙ የተባለው ሕዝብ እያሳለና ዐይኑን እያሸ እርስ በርሱ ተጋፋ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ፖሊስ ስላደረሰው በደል ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። ፖሊስን የሚቈጣጠረው የኬንያ መሥሪያ ቤትም በጁን ወር የ15 ሰዎች ሞት ከፖሊሶች ሥራ ጋራ የተያያዘ መሆኑን አስታወቀ። በደቡብ አፍሪካም አንድ ሰው በወታደሮች እጅ ተደብድቦ ከሞተ በኋላ ቤተ ሰቡ ከሰሰ፤ የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜይ 15 ቀን በሰጠው ትእዛዝ በወረርሽኝ ጊዜም ቢሆን ማሠቃየት ፍጹም የተከለከለ መሆኑን አረጋገጠ። የሞተው ባይመለስም፥ በፑና የታጣው ደጅ በዚህ ተገኝቷል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታገለግሉ አንባቢያን ሆይ፤ አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብለው የተናገሩት ይህን ለመሰለ ነገር ነው። ሕዝብ ለጤናው ሲባል ገበያው ቢዘጋ፥ ልቅሶውና ሠርጉ ቢቀር ይታገሣል፤ ያለ አግባብ የወረደችበትን አንዲት ዱላ ግን አይረሳም። ስለዚህ እንደዚህ ያለውን ደንብ የሚያረቅ ጸሐፊ፥ አስፈጻሚው ሊያደርግ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ይጻፍ። አቤቱታ የሚሰማውም ሰው ከአስፈጻሚው አለቃ የተለየ ይሁን። የትእዛዙም ምክንያት አስቀድሞ ለሕዝብ ይነገር። በሀገራችን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም የነበረው ዱላ ስላየ አልነበረም፤ ሕጉ የጠሪውም የተጠሪውም መሆኑን ስላመነ ነው።