የመኪና መሪ፤ አመጣጡና ብልሽቱ

ስለ መኪና ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ሞተሩ ነው። ይሁን እንጂ መኪናን ሰው እንደ ፈቃዱ ሊያዘው የሚችል መሣሪያ ያደረገው መሪው ነው። ሞተሩ የጠፋበት መኪና መንገድ ላይ ይቆማል፤ መሪው የከዳው ግን ሰው እንደ ጫነ ገደል ይገባል። በመሆኑም የመሪን አመጣጥ መመርመር ለታሪክም፣ ለጂኦሜትሪም፣ ለፊዚክስም ትምህርት የሚጠቅም ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጥንቱ የፈረስ ሠረገላ የሚታጠፈው የፊት አክስሉ በመካከሉ ባለ አንድ ዘንግ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲዞር ነበር። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛ፣ አክስሉ ሲጠማዘዝ የሠረገላው የፊት መደገፊያ ስለሚጠብ ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይቀላል። ሁለተኛ፣ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲመታ አክስሉ በሞላ ይጠመዘዛል።

ለዚህ መፍትሔ ያገኘው የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ ጌኦርግ ላንከንሽፐርገር ሲሆን ጊዜውም 1816 ነበር። አክስሉን እንዳይዞር አስሮ፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በየራሳቸው ዘንግ ላይ እንዲዞሩ አደረገ። በ1818 ወኪሉ የነበረው የለንደኑ መጽሐፍ አሳታሚ ሩዶልፍ አከርማን የፈጠራውን ባለቤትነት በእንግሊዝ አገር አስመዘገበ። ስለሆነም አሠራሩ እስከ ዛሬ የሚጠራው በሠሪው ስም ሳይሆን ባስመዝጋቢው ስም ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኢራስመስ ዳርዊን ደግሞ ተመሳሳይ ሐሳብ ከ50 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ አስቦት ነበር። መጽሐፍ ላይ የሰፈረ ስም ሁልጊዜ የሥራው ባለቤት ስም እንዳልሆነ ተማሪዎች ከዚህ ሊረዱ ይችላሉ።

የአሠራሩ ምሥጢር ጂኦሜትሪ ነው። መኪና ሲታጠፍ አራቱም ጎማዎች በአንድ ማዕከል ዙሪያ ይጓዛሉ። የውስጠኛው ጎማ የሚሠራው ክብ ከውጪኛው ስለሚያንስ አብልጦ መታጠፍ አለበት። ለምሳሌ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 2.5 ሜትር፣ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መዞሪያ ዘንጎች መካከል ያለው 1.5 ሜትር ቢሆን፣ የውስጠኛው ጎማ 30 ዲግሪ ሲታጠፍ የውጪኛው የሚታጠፈው 23 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ሁለቱ እኩል ቢታጠፉ አንዱ መሬቱን እየፋቀ ይሄዳል፤ ጎማም ያለ ጊዜው ያልቃል።

ካርል ቤንዝ በ1886 ያስመዘገበው መኪና ሦስት ጎማ ብቻ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለአራት ጎማ የሚያጠግብ መሪ ገና አላገኘም ነበር። ለአራት ጎማ የሚሆነውን መሪ ያስመዘገበው በ1893 ነው። የብዙዎቹ የመጀመሪያ መኪናዎች መሪ እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ያለ ዘንግ ስለነበረ የመንገዱ ንቅናቄ በቀጥታ ወደ ነጂው እጅ ይመጣ ነበር። በ1894 ከፓሪስ ወደ ሩዋን በተደረገው ውድድር ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቫሸሮን ክብ መሪ የተገጠመለት ፓናር መኪና ነዳ። ክብ መሪ ደጋግሞ ሊዞር ስለሚችል በጥርስ አማካይነት ጉልበትን ያባዛል። ምጣኔው 16 ለ1 ቢሆን፣ መሪው 16 ዲግሪ ሲዞር ጎማው 1 ዲግሪ ይታጠፋል።

መኪናዎች እየከበዱ ሲሄዱ ይህም አልበቃም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ዴቪስ በ1926 በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ሠርቶ አሳየ፤ ነገር ግን ለሕዝብ በሚሸጥ የቤት መኪና ላይ የወጣው በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነበር። የተጠቀሙበትም ዘመናቸው ያለፈባቸውን የዴቪስን የባለቤትነት መብቶች ነው።

የመሪን ብልሽት ለመለየትም የሚያስፈልገው ያው የፈጣሪዎቹ ዘዴ ነው፤ ይኸውም ጉድለቱ የት እንዳለ ሳያረጋግጡ ዕቃ አለመቀየር ነው።

1ኛ/ መሪው ወደ አንድ ጎን ከሳበ አስቀድሞ የጎማዎቹን አየር መለካት ነው። አየሩ ትክክል ከሆነ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ቦታ ማለዋወጥ ይቻላል። መኪናው የሚስብበት ጎን ከተለወጠ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልተለወጠ የጎማው አሰላለፍ ተዛብቷል፤ ወይም ፍሬን ይዟል። ፍሬን የያዘው ጎማ ከጉዞ በኋላ ከሌላው አብልጦ ይግላል።

2ኛ/ መሪው ጎማውን ሳያንቀሳቅስ ባዶውን የሚዞር ከሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ አንዱ መሪውን ቀስ እያለ ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዝ ሌላው መጋጠሚያዎቹን ይመልከት። አንድ ጫፉ ሲንቀሳቀስ ሌላው የሚዘገይ ቴስቲና አልቋል። እርሱ ተቀይሮ የጎማው አሰላለፍ እንደገና መስተካከል አለበት። ይህ ብልሽት ለነገ የሚባል አይደለም፤ የላላው መጋጠሚያ መንገድ ላይ ሊወልቅ ይችላልና።

3ኛ/ በተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ መሪው ከተንቀጠቀጠ ብዙውን ጊዜ የጎማው ባላንስ ጎድሏል ወይም ቸርኬው ተጣሟል። የሚንቀጠቀጠው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ግን የሚመረመረው ፍሬኑ ነው።

4ኛ/ መሪው ከከበደ የጎማ አየርን፣ ቀጥሎም በዘይት የሚታገዝ ከሆነ የመሪውን ዘይትና ቺንጋውን ማየት ነው። ዘይቱ ከጎደለ መሙላት ብቻ አይበቃም፤ የሚያፈስበትን መፈለግ ያስፈልጋል።

ትምህርቱን ጋራዥ ወስደው የሚያሳዩ መምህራን፣ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ መከልከል ይገባቸዋል። ተማሪዎቹም ጆሮአቸውን ይክፈቱ። ፍሬን፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክና ቴስቲና የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ከኢጣሊያውያን ጋር የነበረን ግንኙነት በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን በመካኒኮቻችን ቋንቋም ተመዝግቦ ይገኛል። እነዚህን ቃላት ከነትርጉማቸው ሰብስቦ መጻፍ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች የሚበቃ የታሪክ ሥራ ነው።