ካት (የህንድ ማኔጅመንት ተቋማት የጋራ መግቢያ ፈተና)

ካት የህንድ ማኔጅመንት ተቋማት ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያመለክቱትን የሚለዩበት ፈተና ነው። ከተቋማቱ ቀደምት የሆኑት የካልካታውና የአህመዳባዱ በ1961 እ.ኤ.አ. ተመሠረቱ። ተቋማቱ ፈተናውን በየዓመቱ እየተፈራረቁ ያዘጋጃሉ፤ ከ2009 ወዲህ የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው።

ክፍሎቹ ሦስት ናቸው፦ ንባብና ቋንቋ፣ የመረጃ ትንተናና አመክንዮ፣ ሒሳብ። ከ2020 ጀምሮ ለእያንዳንዱ 40 ደቂቃ ተመድቧል፤ የተረፈ ጊዜ ወደ ሌላው ክፍል አይሻገርም። ትክክለኛ መልስ 3 ነጥብ ያስገኛል፤ በምርጫ ጥያቄ መሳሳት 1 ነጥብ ያስቀንሳል። ስለዚህ የዝግጅቱ ከባዱ ክፍል ጥያቄ ትቶ ማለፍን መልመድ ነው። ጎበዝ ተማሪ የጀመረውን ሳይጨርስ መተው ያንገበግበዋል፤ ደቂቃዎቹን የሚበላበትም ይኸው እልህ ነው። የሙከራ ፈተና የሚጠቅመው ከተፈተኑ በኋላ ቁጭ ብለው ስሕተቱን ሲመረምሩት ነው፦ የቱን ባለማወቅ ሳትኩ? የቱንስ በችኮላ?

ውጤቱ በፐርሰንታይል ይገለጻል። 99 ፐርሰንታይል ያገኘ ሰው ከተፈታኞቹ 99 በመቶ ያህሉን በልጧል እንጂ 99 በመቶ ጥያቄ መልሷል ማለት አይደለም፤ ብዙዎች ይህን ያምታታሉ።

ከፍተኛ ውጤት ብቻውን አያስገባም። አብዛኞቹ ተቋማት የተጠሩትን አጭር ጽሑፍ ያጽፏቸዋል፣ ከዚያም ቃለ መጠይቅ ያደርጉላቸዋል፤ የቀድሞ የትምህርት ውጤትና የሥራ ልምድም ይመዘናል። ጠያቂዎቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርትን አጥብቀው መጠየቃቸው የተለመደ ነው። መሐንዲሱ ወራቱን ሁሉ ለካት ሲያጠና የገዛ ሙያውን መሠረት ዘንግቶት ሊቀርብ ይችላል፤ የሸመደደው መልስም ሁለተኛው ተከታይ ጥያቄ ላይ ይከዳዋል።