ከአኩፋዳ እስከ ምግብ ቤት፦ የዳሞት መንገደኛ ማዕድ

በጎጃም ውስጥ ባለው በዳሞት ምድር አገር ላገር ዞሮ የየቤቱን እህል የቀመሰ ሰው ቢፈለግ የቆሎ ተማሪን የሚቀድመው አይገኝም። ቅኔ ፍለጋ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ከዋሸራ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ዲማ ሲመላለስ ትከሻው ላይ ደበሎ፣ እጁ ላይ ዱላ፣ ጎኑ ላይ አኩፋዳ አይለየውም ነበር። ከትምህርት ሰዓት ውጪ በየደጃፉ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ውሻ ይጮኽበታል፤ የቤቱ እመቤት ከሌማቷ ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። ከአንዱ ቤት የዳጉሳ፣ ከሌላው የጤፍ፣ ከሦስተኛው የገብስ ወይም የበቆሎ እንጀራ ያገኛል፤ ሁሉም እዚያው አኩፋዳ ውስጥ ይገባል። የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆንና ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ያ ተማሪ ከዓመታት በኋላ መሪጌታ ሲሆን የትኛው መንደር እጀ ሰፊ፣ የትኛው ቆላ የበርበሬ አገር፣ የትኛው ደጋ የገብስ አገር እንደሆነ በምላሱ ያውቃል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» የቆሎ ተማሪውን በዛብህን ከማንኩሳ ያስነሡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ማንኩሳ ዛሬም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ መኪና የሚያልፍባት ትንሽ ከተማ ናት። በመስኮት እያዩ የሚያልፏት ብዙዎች ናቸው፤ ወርደው የሚበሉባት ግን ጥቂት ናቸው። ስለ ጉዞና ስለ ምግብ ስንናገር ዘወትር የምናነሣው ባሕር ዳር ደርሶ የጣና ዓሣ መብላትን ነው። ዓሣው ስሙ የሚገባው ነው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ደጀን ከወጣ በኋላ በደብረ ማርቆስ፣ በአማኑኤል፣ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በቡሬ አድርጎ ሲያልፍ፣ የሚያልፈው መንገደኛን ሲያበላ ብዙ መቶ ዓመታት ባስቆጠረ አገር ውስጥ ነው። የዚህ ማዕድ ታሪክ ተገቢውን ቦታ አላገኘም ብዬ አምናለሁ።

ከተማሪው ቀጥሎ የሚመጣው የንጉሥ እንግዳ ነው። እሱ አይለምንም፤ ድርጎ አለው። ንጉሥ የላከው ወይም የፈቀደለት ሰው በደረሰበት መንደር ሁሉ እንጀራው ከነወጡ፣ ጠላው ወይም ጠጁ፣ ለከበረ እንግዳም ሙክቱ እንዲቀርብለት ይታዘዝ ነበር። ከውጭ የመጡ ተጓዦች ስለ ሐበሻ ደግነት የጻፉት ብዙው ነገር በዚህ ሥርዓት ላይ የቆመ ነው። ደግነቱ እውነት ነው፤ ወጪው ግን በገበሬው ትከሻ ላይ ነበር። አጃቢና ወታደር ተከትሎት የመጣ እንግዳ ባንድ ሌሊት የአንድን ቤት የወር ቀለብ ሊጨርስ ይችል ነበር። እህሉን የምትፈጨው፣ ሊጡን የምታቦካው፣ ጭስ ውስጥ ቆማ የምትጋግረው ሴት ደግሞ በመጽሐፎቹ ውስጥ ስም የላትም።

ከእነዚህ እንግዶች ስመ ጥሩው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። በጥቅምት 1763 ዓ.ም. ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ሰቀላ ወረዳ ከሚገኘው ግሽ ዓባይ ደረሰ። ንጉሡ ዓፄ ተክለ ሃይማኖት ግሽን በጉልት መልክ ሰጥተውት ስለነበር የደረሰው እንደ ባለ አገር ነው። ያስተናገደው የምንጩ አገልጋይ ክፍለ ዓባይ ቤቱን ለቀቀለት፣ ምግቡም እንዲሰናዳለት አደረገ። ብሩስ ከምንጩ ውሃ በኮኮናት ቅል ቀድቶ ለአገሩ ንጉሥ ለጆርጅ 3ኛ ጤንነት ጠጣ። ከእሱ በፊት እ.አ.አ. በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ እዚያው ቆሞ ነበር፤ የግሽ ሰዎች ደግሞ ከሁለቱም በፊት ዘመን ከማይቆጥረው ጊዜ ጀምሮ ጠበሉን ይጠጡ ነበር። ብሩስ አገሩ ተመልሶ እ.አ.አ. በ1790 መጽሐፉን ሲያወጣ ለንደን ብዙ ነገሩን አላመነችውም። ይበልጥ ያላገጡበት ደግሞ ስለ ጥሬ ሥጋ በጻፈው ነበር። ጎጃም ውስጥ ግን ቁርጥ ጥንትም ዛሬም የበዓል ማዕድ ነው።

ነጋዴው ከተማሪውም ከንጉሥ እንግዳም ይለያል። ስንቁን ራሱ ይዞ ይሄዳል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። በሶ በውሃ ይበጠበጣል ወይም በማር ይጨበጣል፤ እሳት አይጠይቅም፤ ሽፍታ ባለበት መንገድ ጭስ አለማስነሣት ራሱ ጥቅም ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የሲራራ ነጋዴ አሞሌ ጨው ጭኖ ዓባይን ወደ ደቡብ ይሻገርና ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይዞ ይመለስ ነበር፤ በሐዘን የሚነሣ የባሪያ ንግድም ነበረበት። የሲራራ ንግዱ ትልቁ ገበያ በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ሲሆን ቡሬም ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን የምትቀበል በር ነበረች። ዛሬም የነቀምቴ መንገድ ከዋናው ጎዳና የሚገነጠለው ቡሬ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የሚደንቀኝ የቡና ነገር ነው። ቡናው በዳሞት አልፎ ወደ ምጽዋ ሲጓዝ የኖረ ቢሆንም አብዛኛው ክርስቲያን እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ድረስ አይጠጣውም ነበር፤ የእስላም መጠጥ ነው ይባል ነበር። ዛሬ መንገደኛ ከአውቶቡስ እንደወረደ መጀመሪያ የሚፈልገው ጀበና ነው። አንድ ሕዝብ ልማዱን እንዲህ በሁለት በሦስት ትውልድ መለወጡን ስናይ፣ «የጥንት ምግባችን» የምንለው ምን ያህል ሲለዋወጥ እንደመጣ እንረዳለን። በቆሎውም በርበሬውም ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ግን ያለ በቆሎ ምዕራብ ጎጃምን፣ ያለ በርበሬ ቡሬንና ጃቢ ጠህናንን ማሰብ አይቻልም።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ ባቡር ወጥ ቤቱን ይዞ መጣ፤ ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ጣቢያው ካለበት ቡፌው አለ። ጎጃም ባቡር አላየም። ለዚህ አገር ምግብ ቤትን የወለደው የጭነት መኪና ነው፤ መኪናውን ያመጣው ደግሞ ጣሊያን ለጦርነት የቀደደው መንገድ። በዚያው መንገድ ጠላት ሸሸበት። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው በበላያ በኩል ጎጃም ሲገቡ፣ አብሯቸው የመጣው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጦር ስንቁን በግመል ጭኖ ነበር፤ የበረሃው እንስሳ ደጋውን አልቻለምና በሺህ የሚቆጠር ግመል በየመንገዱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሠራዊቱ ያለ ጎጃም ገበሬ እህልና ያለ አርበኛው እርዳታ መራመድ አይችልም ነበር። በየካቲት ማብቂያ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የተባለችው ከዚህ ድል በኋላ ነው።

ሰላም ሲሆን ሾፌሩ መጣ። ከአዲስ አበባ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ፍኖተ ሰላም ለደከመ ሰው ምሳ ወይም አዳር የምትመች ቦታ ላይ ናት። በየመንገዱ ዳር ጠላና ጠጅ ይሸጡ የነበሩ ሴቶች ለሾፌርና ለረዳት እንጀራ ማቅረብ ጀመሩ፤ አልጋ ጨመሩ፤ ቤቱ ሆቴል ተባለ። የምግብ ቤት ዝናም በሾፌር አፍ ተሰራጨ፦ የጭነት መኪና የተደረደረበት ደጅ ወጡ የታመነ ነው። ፈረንሳይ ውስጥም ነገሩ የተጀመረው በመኪና ነው። የጎማ ፋብሪካው ሚሽለን እ.አ.አ. በ1900 ለአሽከርካሪ ያዘጋጀው መጽሐፍ በኋላ ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ፤ ሦስት ኮከብ ያለው ቤት ለእሱ ብቻ ተብሎ ጉዞ ሊወጣለት ይገባል ይላል። የእኛ ሾፌሮች ፍርድ ግን አልተጻፈም፤ እነዚያን ቤቶች ያቋቋሙ እናቶች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ስማቸውን የሚያውቁት ልጆቻቸውና አሮጌዎቹ ሾፌሮች ብቻ ናቸው። የምዕራብ ጎጃም ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ሰዎቹ በሕይወት እያሉ ይህን ቢመዘግብ ትልቅ ሥራ ነው።

ለዚህ ምድር ምግብ ብቻ ተብሎ ጉዞ ይወጣል ወይ ለሚለኝ፣ አዎ እላለሁ። የምበላውንም አውቃለሁ። ኅዳር ላይ ማር ይቆረጣል፤ ነጭ ማር በትኩስ ድፎ ዳቦ። በጾም ወራት ስልጆ፣ ተልባ፣ የሱፍ ፍትፍት። በፍስክ በጎጃም ቅቤ የተነጠረ፣ በቡሬ በርበሬ የቀላ የዶሮ ወጥ ከጠይም የዳጉሳ እንጀራ ጋር። ነጭ ጤፍ ብቻ ክብር ነው የሚለው የከተማ ፍርድ ዳጉሳን በድሏል፤ በወፍራም ወጥ የዳጉሳ እንጀራ የሚሰጠው ጣዕም በሌላ አይገኝም። ነሐሴና መስከረም የበቆሎ እሸት ነው፤ በየመንገዱ ዳር ከሰል ላይ ይጠበሳል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ይህ ጎዳና ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። መንገድ ሲዘጋ በየከተማው ምጣድ ይቀዘቅዛል፤ ገበሬው በርበሬውን፣ ጋጋሪዋ እንጀራዋን የሚሸጡለት ሰው ያጣሉ። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የዘይት ፋብሪካና አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የተሠሩት የዚህን ምድር እህል ለሩቅ ገበያ ለማድረስ ነበር። መንገዱ ሰላም ሲያገኝ ለሚነሣ ሰው ምክሬ ይህ ነው፦ ፍኖተ ሰላም ይደር፤ ጠዋት ቡሬ ቁርስ ይብላ፤ ከዚያ ቲሊሊ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ሰቀላ ይውጣ፤ ግሽ ላይ ከጠበሉ ይጠጣ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የጾም ይዘዝ፤ በእነዚህ ቀናት የሚሠራው ሽሮ ከሌላው ቀን ይበልጣል።