ለባድሚንተን ልምምድ የተሠራ ከባድ ራኬት

ብረት፣ የናይለን ክር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ እጀታ

በውድድር ጊዜ የባድሚንተን ተጫዋች የሚይዘው ራኬት አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 95 ግራም ብቻ ሲመዝን፣ ለልምምድ የሚሠራው የዚህ ዓይነቱ ራኬት ግን ከ120 ግራም በላይ ስለሚከብድ፣ ተጫዋቹ ላባማውን ኳስ ከመምታቱ አስቀድሞ በአየር ላይ በዝግታ እያወዛወዘ ትከሻውን፣ ክንዱንና የእጁን አንጓ ያሟሙቅበታል። የዚህ ጨዋታ ኃይለኛ ምት ከክንድ መዞርና ከጣቶች ድንገተኛ ጭመቃ የሚመነጭ በመሆኑ፣ ክብደቱ በትዕግሥትና በሥርዓት ሲለመድ ጡንቻንና ጅማትን ያጸናል፤ ሰውነት ሳይሞቅ ወይም ያለ መጠን ሲወዘወዝ ግን፣ ሊያርቀው የታሰበውን የትከሻና የክርን ሕመም ራሱ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ከባዱ ራኬት ከቀላል እንቅስቃሴ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሊያዝ ይገባዋል፤ ለሕፃናትና ለጀማሪዎች ቀላሉ ራኬት ይበቃል።