መርከቡን የበላው የጅብ ጥላ

የጦር መርከብ ጠላቱ ማዕበልና መድፍ ነው ይባላል። የእንግሊዝን የባሕር ኃይል ታሪክ ሳገላብጥ ግን ሌላ ጠላት አገኘሁ፤ የጅብ ጥላ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1677 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ፓርላማ 30 አዳዲስ የጦር መርከቦች እንዲሠሩ 600,000 ፓውንድ ያህል ፈቀደ። ምክር ቤቱን ተሟግቶ ያሳመነው የአድሚራሊቲው ጸሐፊ ሳሙኤል ፔፒስ ነበር፤ ዛሬ ዓለም በዕለት ማስታወሻው ይበልጥ የሚያውቀው ሰው። በ1679 ግን የፖለቲካ ባላንጣዎቹ አሸነፉና ሥራውን ለቀቀ፤ ታሰረም። በ1684 ወደ ቦታው ሲመለስ ከመርከቦቹ አብዛኞቹ ከወደብ ሳይወጡ መበስበሳቸውን ተመለከተ። ቻተም ወደብ ላይ ከመርከቦቹ ሆድ በእጁ የለቀመው የጅብ ጥላ ቡጢ ያህል እንደነበር ጽፏል።

ጥፋቱ የማን ነበር? ኃላፊዎቹ የግንባታውን ጥድፊያና ከውጭ አገር የመጣውን እንጨት ወነጀሉ። ፔፒስ ደግሞ ሆዳቸው አልተጠረገም፣ መስኮታቸው ተከፍቶ አልተናፈሰም፣ ስንጥቃቸው በወቅቱ አልተደፈነም አለ። ፔፒስ የጻፈው ለራሱ ጥብቅና ቆሞ ስለሆነ ቃሉን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል፤ በእነዚያ ዓመታት የመንግሥት ካዝናም ተራቁቶ ነበር። ቢሆንም አንድ ሐቅ አይካድም፤ ለማሠሪያው የተገኘው ገንዘብ ለማቆያው አልተገኘም።

ፔፒስ ለንጉሥ ጄምስ ሁለተኛ ያቀረበው መፍትሔ ቀላል ነው። የእያንዳንዱ መርከብ ጉዳት ይመዝገብ፤ ማደሻው በገንዘብ ይተመን። ከዚያም ለሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ 400,000 ፓውንድ ሳይጓደል ይሰጥ። ሥራውን ደግሞ የሚያውቁት ይያዙት። በዚህ መሠረት በ1686 ልዩ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ታዋቂው መርከብ ሠሪ ሰር አንቶኒ ዲን ከአባላቱ አንዱ ሆነ። ኮሚሽኑ አብዛኛውን ጥገና አጠናቆ ጊዜው ሳይሞላ በ1688 ጥቅምት ላይ ተበተነ። በማግሥቱ፣ በ1689፣ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ተከፈተ። የጅብ ጥላው እንደ በቀለ ቢቀር ኖሮ በምን ሊዋጉ ነበር?

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም አዲስ ፈጠራ የለም። ያለው መዝገብ፣ የማይቋረጥ በጀትና ባለሙያ ነው። መርከብ ወደ ውኃ ሲወርድ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ጥሩምባ ይነፋል። ስንጥቅ ሲደፈን ግን የሚያጨበጭብ የለም። ለግንባታ ገንዘብ መለመን የሚቀለው፣ ለጥገና የሚከብደውም ለዚህ ይመስለኛል። መርከብ የሌለን እኛ ከተሜዎችም ተመርቆ ጣራው በሚያፈስ ሕንፃ ሥር ስናልፍ ፔፒስን ብናስታውሰው አይከፋም።